ባዶውን የተመለሰ ሳህን

ከማሪቫን በላይ፣ ከመንደራችን
መህር 12 ቀን 1396 (በኢራን አቆጣጠር)

ለልጄ ለሽሌር፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። የጣራዬን በረዶ ራሴ እጠርጋለሁ፣ ወይኔን ራሴ እከረክማለሁ፣ ሻዬን ራሴ አፈላለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፤ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ «አባቴ ደክሟል» እያልሽ ለቴህራን ሰው አታውሪ። ተቆጥቻለሁ እንጂ ደህና ነኝ።

የፋርስንና የእኛን የኩርዶችን ግሦች ያወዳደርሽበት መጽሐፍ ደረሰኝ። ፊደሉን አድቅቀው ስላተሙት መምህር ካዌ ሻይ እየጠጣ አነበበልኝ። መጀመሪያ ላይ ደረቴ ተነፋ፣ አልዋሽሽም። ፋርሱ «ዳቦ በላሁ» ሲል «እኔ»ን ከግሡ ጅራት ላይ ያስራታል፣ የእኛ ሰው ግን ዳቦው ላይ ይለጥፋታል ብለሻል። እውነት ነው። ወታደር ሳለሁ ሃምሳ አለቃው በጥፊ ያጮለኝ በዚሁ አነጋገሬ ነበር፤ «አንተ የተራራ ፍየል፣ እንደ ሰው ተናገር!» እያለ። ልጄ መለሰችለት አልኩ።

ከዚያ ምሳሌዎቹ መጡ። «ተናጋሪ ሁለት፣ ሴት፣ ያልተማረች።»

«ማን ናት ይህቺ?» አልኩት ካዌን።

አቀረቀረ። «አጎቴ ረሱል፣ ሃላለ ትመስለኛለች።»

እናትሽ! ሁለተኛ! ስም የላትም እንዴ? ላንቺ ስም ያወጣችልሽ ማን ሆነና ነው?

ገና አልጨረስኩም። ምሳሌ ሃያ ሰባት፦ «ሕመሙን ደበቅኩት።» ከሥሩ ያንቺ ጽሑፍ፦ «ያለፈ ጊዜ፣ ተሻጋሪ ግሥ።» ካዌ ወደ ሃያ ስምንት ሊያልፍ ሲል ጮህኩበት፤ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዚህ ወር ነው። «እማዬ፣ ያለፈ ነገር ንገሪኝ» እያልሽ መቅረጫሽን አፏ ሥር ደቀንሽ። እኔ ውጭ ወይን እለቅም ነበር። እሷ እውነቱን ነገረችሽ። በዚያው ክረምት፣ በበረዶው፣ ቀበርናት። ግሡን የሰማ ጆሮ ሕመሙን አይሰማም? ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?

«አንተስ አጠገቧ አልነበርክም ወይ?» እንዳትይኝ። እኔን ጉንፋን ነው ትለኝ ነበር። የእኔን ነገር እኔና እሷ እንነጋገርበታለን።

ልጅ ሳለሽ የአክስት ፊሩዛን ሳህን ባዶውን ልትመልሺ ስትወጪ፣ እናትሽ ከበር ጎትታ መልሳ ዘቢብ ሞልታ ሰጠችሽ። «ሳህን ባዶውን መልሰሽ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አለችሽ። አሁን የራሷን ሳህን ባዶውን መለስሽላት። መጽሐፉ ዳግመኛ ሲታተም ስሟ ይግባ፦ ሃላለ፣ የቃድር ልጅ። መቅረጫውንም ይዘሽ ነይ፤ ከሳቋ ከሳሏ ምንም ሳትቆርጪ። ለእኔ ብዬ አይደለም። ቤቱ ጭር ብሎ ዶሮዎቹ ደንግጠዋል።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ጆሮና ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

በቀብሩ ጊዜ ምግብ መጥቶባቸው የቀሩ የጎረቤት ሳህኖች አሁንም መደርደሪያው ላይ ናቸው። መሙላቱን የምታውቅበት እሷ ነበረች። አሁን ግን ማንም እጁን እንዳያስገባ፣ ራሴ እመልሳለሁ። የአክስት ፊሩዛን ሰማያዊውን፣ ሮማን ሞልቼ። የካዌን እናት ትልቁን፣ ዘቢብ፤ ለሱሪውም ይቅርታ ጨምሬ። የባለወፍጮውን ጎኑ የተሸረፈውን፣ ማር። የመጨረሻ ሾርባዋን ያጠጣሁበት የሃላለ ሳህንም አለ። የእሱ መሙያ አንቺ ጋ ነው።

አባትሽ ረሱል