ለአዋሽ የተነፋ ጥሩምባ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ጠዋት 3 ሰ.

ጎረቤቴ ኦቦ ቱሉ ዛሬም ከአልጋ አልወረዱም። ነሐሴ ላይ ስትሮክ የመታቸው ግራ እጃቸው እንደዚያው ነው። እግራቸው ግን ከነሐሴው ይሻላል፣ በምርኩዝ እስከ በር ይደርሳሉ። ሐኪሙም ይራመዱ ብሏል። ልጃቸው ጫልቱ ናት እንቢ ያለች። ልጆቿን ት/ቤት ትሸኝና ከጎን ቤቷ መጥታ በራቸው ላይ ቁጭ፣ እንደ ዘበኛ። ክፋት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ፍርሃትም አለበት። ትንሹ ልጃቸው ደግሞ ለገጣፎ ነው ያለው፣ ሚስቱ መንታ ወልዳለች። አያትየው እስከ ዛሬ በስልክ ፎቶ ብቻ ነው ያዩአቸው።

ሾርባ ወሰድኩ። ሁለት ማንኪያ፣ በቃ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ። ደብተሬ፣ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ቀልድ እያወሩ ያቆሙኝ እኚህ ሰውዬ ናቸው እኮ!

ከአፌ አመለጠኝ። ኦቦ፣ አዋሽ ልወስድዎት ነው አልኳቸው። ከተጂ ወዲያ ያለው፣ በልጅነታቸው ዓሣ ያጠመዱበት መልካ፣ የወንዙ መሻገሪያ። ቀስ ብለው ዞሩ።

«መቼ?»

በሁለት ወር ውስጥ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያ ጥያቄ። እንግዲህ ቃል ወጥቷል፣ ሰብስበው የማይመልሱት ነገር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ማታ

ሐሳቡ አደገ። አንድ ሰው ከሚሄድ ሁላችንስ? የሰፈር ሴቶች የምንሰበሰበው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን አለን፣ ድስት አለን፣ አግዳሚ አለን። ለሳቅ ግን ምንም።

የባለቤቴን ጎሚስታ ቤት ከፍቼ፣ ለወንዝ ዳር መቀመጫ የሚሆን ባገኝ ብዬ ጓዳውን በረበርኩ። እሱ ያስቀመጣቸው የከባድ መኪና ካላማዳሪያዎች፣ የጎማ ውስጥ ላስቲኮች፣ አሥራ አራት። ነፋሁና በውኃ በርሜል ውስጥ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። አረፋ ካወጣች ተንፍሳለች ማለት ነው። ሦስቱ አረፋ። ለጠፍኩ። እጄ አልረሳም!

ምሕረት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብ. ስትመለስ አየችኝ፣ የጓሮ ተከራዬ፣ የአርባ ምንጭ ልጅ። አባቷ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። ይህን ጎማ ላዩ ላይ ተኝተው በወንዝ ቢወርዱበትስ አለች። ከዚያ ከአራት ባዶ በርሜልና ከሳንቃ ታንኳ እሠራለሁ አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ ቁም ነገሯ ነው። የፈረቃ ጓደኞቿም ይመጣሉ፣ ከሸመናው ክፍል ስድስት ልጆች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ከጫልቱ ጋር ተጣላን። አባቴን ወንዝ ላይ ልትገድሊው ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ አንቺ አልጋ ላይ እየገደልሽው ነው አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ።

ጉዳዩ የሽርሽር ብቻ አይደለም። ውኃው የት እንደሚያዘግም፣ የት ጉድጓድ እንዳለው የሚያውቁት ኦ/ቱሉ ብቻ ናቸው። ጫልቱ ገበያ የሄደች ቀን በምርኩዛቸው ደጃቸው አፈር ላይ ሥለውልኛል፤ እዚህ ድንጋይ፣ እዚህ ሾላ፣ እዚህ ደለል። ግን ክረምት ባለፈ ቁጥር አዋሽ አልጋውን ይለውጣል፣ ካላየሁት ሰው አላስገባም አሉኝ። ስለዚህ እሳቸው ካልሄዱ ማንም አይሄድም። እኔም ቃሌን በላሁ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29። 11 ሰ.

ቀን ተቆረጠ፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። የነቢያት ጾም በ15 ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ስንከራከር ወንዙ ይደርቃል። የምሕረት ልጆች ፈረቃ ተለዋወጡ። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተያዘ። መነሻ፣ ኦ/ቱሉ በር፣ መንገዱ እዚያ ጋ ነው ለመኪና የሚሰፋው። (ደግሞም ጫልቱ ዓይኗ እያየ ብትራራስ ብዬ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።)

ዛሬ ልምምድ። ምሕረት ሴቶቹን የእድር አግዳሚ ላይ ደርድራ፣ ሳንቃ አስይዛ አየር አስቀዘፈቻቸው። ግራ! ቀኝ! አንድ ላይ! ተጂ ተድራ የነበረችው ሙሉነሽ ከአግዳሚው ወደቀች። ወንዝ ሳይኖር ሰጠመች! በአጥር ቀዳዳ የሚያይ በዛ። ተሳቀብን። ይሳቁ። ጫልቱም በአጥሯ በኩል አየች፣ አይቻታለሁ። ፈገግ ልትል ስትል ከንፈሯን ነከሰች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ስልክ የማያነሳው ብዙ ነው። የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ደምሴን መንገድ ላይ አገኘሁትና፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ዞር ዞር ብለህ ሰዉን ኦቦ ቱሉ በር ጥራልን አልኩት። ምንም አልጠየቀኝ። እሺ ብሎ ሄደ። ፊቱ ቅጭም ያለ መሰለኝ፣ ጥርሱን አሞት ይሆናል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6። ማታ

አሥራ አራቱም ተነፍተዋል። የንፋስ መግቢያቸው ጀርባ እንዳይቧጭር በአሮጌ ቆዳ ጠቅልዬ አሰርኩ። የምሕረት ታንኳ ሳንቃዋ ተፈታ፣ በርሜሎቿ ታሰሩ፣ ተጭናለች። ጫልቱ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ ሄድኩ። አይሆንም። ለመንኩ። አይሆንም። ኦ/ቱሉ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተኝተዋል። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ነገ ጠዋት ሰው ሲሰበሰብ ምን ልበል? ቀረ ልበል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ከንጋቱ 12 ሰ. ተኩል፣ አውቶቡስ ውስጥ። ይንቀጠቀጣል፣ ጽሑፌም

ደብተሬ ደብተሬ! በሳቅ ልሞት ነው።

11 ሰ. ተኩል ላይ ጥሩምባ። ማን ሞተ? ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ። እኔ ነኝ እኮ ያዘዝኩት! እኔው ራሴ! ደምሴ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያውቃት አንዲት ዜማ ናት፣ የሞት። ሰውዬው ታመዋል፣ በራቸው ጋ ጥራ ተብሏል፣ ሌላ ምን ይጠርጥር! ብወጣ መንደሩ በሙሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ወደ ኦ/ቱሉ በር ይተማል። «ወይኔ ኦቦ! ወይኔ አባቴ!» ሁለት ጎረምሶች የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ደርሰዋል። የሽርሽር ልብስ የለበሱት የፋብ. ልጆች ግራ ገብቷቸው ጎማቸውን አቅፈው ቆመዋል።

ጫልቱ ለቅሶውን በራሷ በር ሰማች። ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች። አልጋው ባዶ! የዚያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ከጆሮዬ አይወጣም።

ኦ/ቱሉ ከጓሮ ብቅ አሉ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በዚያች በምትሠራው እጃቸው ምርኩዝና የቲማቲም ጣሳ አንድ ላይ ጨብጠው። ከቧንቧው ሥር ትል ሲቆፍሩ ነበር፣ ለመንጠቆ። ብቻቸውን። በጨለማ።

«ማነው የሞተው?» አሉ።

ደምሴ፣ ጥሩምባው አፉ ላይ እንዳለ፣ «እርስዎ» አላቸው።

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ሙሉነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ኦ/ቱሉ ደግሞ ድንኳኑን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ቆጠር ቆጠር አደረጉና፣ ይህን ያህል ሰው ለቀብሬ መምጣቱን አይቼ ሞትኩ፣ ከእንግዲህ ቅሬታ የለኝም አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ጫልቱ ኮ፣ የሞተ ሰው ብርድ አይመታውም። ሃ ዴምኑ።»

የኔ ጫልቱ፣ እንሂድ ማለታቸው ነው። ጫልቱ እያለቀሰች እየሳቀች ገባች፣ ጋቢ ይዛ ወጣች፣ ደግፋ አሳፈረቻቸው። ራሷም ከጎናቸው ተቀመጠች። ድንኳኑ? የተሸከምነውን አንመልስም አሉ ጎረምሶቹ። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ከጎማዎቹ ጋር ነው።

ፉሪን ወደ ኋላ ጥለን ሰበታን አልፈናል። አንድ ትራፊክ አስቁሞን፣ ድንኳኑንም ጎማውንም አይቶ፣ ለቅሶ ነው ሠርግ አለ። ኦ/ቱሉ በመስኮት፣ የእኔ ነው፣ ሁለቱም አሉት።

እዚያው ቀን፣ ማታ 2 ሰ.

ፀጉሬ ገና አልደረቀም።

ኦ/ቱሉ ወንዙ ዳር ደረሱ። የገለባ ሰበዝ ጣሉ፣ ሄዶ ሄዶ የት እንደሚያዘግም በዓይናቸው ተከተሉ። ሌላ ጣሉ። የድሮው መልካ ጉድጓድ ሆኗል፣ ማንም እዚያ እንዳይገባ። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሾላው ሥር ነው መግቢያው። መውጫው ጋ ገመድ አቋርጠን ወጠርን፣ በጎማ መውጫውን ያለፈ ሰው እንዲይዘው። ያለ እሳቸው ቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር የምንገባው። ጫልቱ ይህን ሰማች። የጋቢያቸውን ጫፍ አስተካከለችላቸው።

መጀመሪያ የፋብ. ልጆች ወረዱ፣ እየዘመሩ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከነቀሚሳቸው። እኔ? ዋና አልችል፣ ክብደቴንም ጎማው ያውቀዋል። ግን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የራሴን ሥራ እኔ ካላመንኩት ማን ይመነው። ተቀመጥኩ። አዋሽ እንደ ሕፃን አሽከረከረኝ። ሰማይ፣ ሾላ፣ ሰማይ። ጮህኩ። አንድም ልጣፍ አልለቀቀም!

ኦ/ቱሉ በምሕረት ታንኳ። መሀል ላይ ወንበር አሰርንላቸው። ምሕረት ከኋላ ትቀዝፋለች፣ ጫልቱ ከፊት ሌላውን ሳንቃ ይዛለች፣ አጥር ላይ ሆና የተማረችውን! ኦቦ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንስተው የመንጠቆው ክር ላይ ጫኑት፣ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ጠበቁ። ክሩ ተወጠረ። አባትና ልጅ አንድ ላይ ጎተቱ። አምባዛ! ጢሙ ይህን ያህል! ዳር ላይ እልልታ። ድንኳኑን ተክለን ሥሩ ጠብሰን በላን። ያ ድንኳን ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት

ወገቤ ተቆርጧል። ሰው ግን አላስተኛኝም።

ደምሴ ማለዳ መጣ። ለወንዝ የተለየ ዜማ ይሰጠኝ፣ ሁለት አጭር አጭር፣ ሁለተኛ ሰው አልገድልም አለ። እሺ አልኩ።

የእድሩ ሰብሳቢ መጡ፣ ፊታቸው ዝናብ። ድንኳንና ጥሩምባ ያለ ስብሰባ ውሳኔ አይንቀሳቀስም አሉ። ልክ ናቸው፣ ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ሻይ ጠጡ። ሊወጡ ሲሉ በሩን ይዘው፣ ለመሆኑ ለባለቤቴ ጭምር የሚሆን ጎማ አለ ወይ አሉ።

ምሕረት መጣች፣ ከክር ክፍል ደግሞ አሥር ሰው ተመዝግቧል።

ጫልቱ መጣች። የሾርባ ሳህኔን መለሰች፣ ባዶውን፣ ታጥቦ። ሁሉንም በልተዋል። ማክሰኞ ለገጣፎ ልወስዳቸው ነው፣ መንታዎቹን ይዩ አለች። በዚያኛው ቀን ስለተናገርሽው ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ የንፋስ መግቢያው በቆዳ እንዴት እንደሚታሰር አሳይኝ አለችኝ። አሳየኋት።

ሁለተኛውን ጉዞ ጾሙ እስኪፈታ ላቆየው ነበር ሐሳቤ። አሁን ይህን እየጻፍኩ አጥሩ በምርኩዝ ተንኳኳ። በእግራቸው መጥተው! ከአጥር ወዲያ አንድ ቃል።

«መቼ?»

ተወሰነ። ዓሣው ለሚበላው፣ ውኃው ለሁላችን። ኅዳር 28 ብዬ ጮህኩላቸው።