ስም የማይነገርበት የሬሳ ማቃጠያ እና የጌዲ ነገር

ሰበታ፣ ጥር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለክቡር የአስከሬን ማቃጠያ አሠራርና ምስጢር ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ፣ አካም ጂርቱ? ቤተሰብ ደህና ነው ወይ? እኛ የእድሩ ሴቶች ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልን እያልን ነው፤ ለሞታችን ይህን ያህል የተጨነቀ ሹም አይተን አናውቅምና። የቧንቧ ውሃችን ከጠፋ አራት ወሩ ነው፤ ማቃጠያዎ ግን በሁለት ወር ተሠርቶ አለቀ።

እኔ ጥሩዬ ገመቹ እባላለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የለጠፉት መመሪያ የገባኝ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው። ከተፍኪ መንገድ ወረድ ብሎ የተሠራው ቤት ሬሳ የሚቃጠልበት ነው፤ የግንቡ አጥር ሦስት ሜትር ነው፤ ከሠራተኛ በቀር ማንም አይገባም፤ ሟች በቁጥር እንጂ በስም አይታወቅም፤ ጠያቂ ያልመጣለት አመድ በሠላሳ ቀን ይበተናል። ማኅተሙም ያምራል። ብቻ ጥቂት ነገር ሆዴን ስለበላኝ በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ ለማን ነው? መመሪያው «ወጋቸው ማቃጠል ለሆነ የውጭ ዜጎች» ይላል። የሰው ወግ አይነቀፍም። ነገር ግን እዚህ ያሉት የፋብሪካ ህንዳውያን አምስት ናቸው፤ አምስቱም፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በየቀኑ በእግራቸው ጎረቤታችን ሳሊሃ ሱቅ መጥተው ቃሪያ መርጠው የሚገዙ ጤነኞች ናቸው። ሳሊሃ ስትጠይቃቸው እኛ ምድጃ ሥሩልን አላልንም፣ ከእኛ ሰው ቢሞት በአውሮፕላን ወደ አገሩ ነው የሚሄደው አሏት። ምድጃው ደግሞ በቀን ስምንት ሬሳ ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ለአምስት ጤነኛ ሰው በቀን ስምንት። ስላሰቡልን እናመሰግናለን፤ ማንን እንዳሰቡ ግን ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ሁለተኛ፦ የእድራችንን ደንብ አልሰሙ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በፊት ከተጂ ሲመጣ የነበረ አይሱዙ ተገለበጠና ጎረቤታችን ፈቀደ ሞተ ተባለ፤ ፊቱ ተሸፍኖ ስለመጣ በጃኬቱ አውቀን፣ አልቅሰን ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ፈቀደ ተጂ ከርሞ ጤፉን አስጭኖ መጣና የገዛ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ማን ሞተብን ብሎ ጠየቀን። ጃኬቱን ለአይሱዙው ሹፌር አውሶት ኖሯል። የሹፌሩ እናት ልጇ በሰው ስም ተቀብሮ ነው ያገኘችው፤ ድንጋይ ተሸክመን፣ እግሯ ላይ ወድቀን ነው ይቅር ያለችን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ገብቶ ፊት ሳያይ ጡሩንባ ነፊያችን ኦቦ ሀሰኖ ከቤቱ አይወጣም። እርስዎ ግን ፊት አይታይ፣ ስም አይጠራ ብለዋል። እኛ በስህተት የሠራነውን እርስዎ በአንቀጽ ሠሩት፤ መማር እንዴት ጥሩ ነገር ነው።

ሦስተኛው፣ እውነቱን ለመናገር ለዚሁ ነው የጻፍኩት፣ የጌዲ ነገር ነው። ጌዲ ከከምባታ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ከእኅቱ ከጣቢታ ጋር እኔ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ነው። ታኅሣሥ 22 ሰዉ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ነገር ተቆጥቶ መንገድ የወጣ ዕለት፣ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመጣ መኪና ላይ ሲጫን ያዩት አሉ። ኋላ ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ጌዲ ግን አልመጣም። የሄድንበት ቢሮ ሁሉ እዚህ የለም ሲለን ከረመና በመጨረሻ አንዱ እስቲ ማቃጠያው ጋ ጠይቁ አለን። የበሩ ዘበኛ መመሪያዎን በቃሉ ይዞታል፤ ይመስገን። ጣቢታ ወንድሜ እዚህ ገብቷል ወይ ብትለው የሟች ምስጢር ነው አላት። ሞቷል እንዴ ብትለው እሱም ምስጢር ነው አላት።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጌዲ ሞተ ያለን ሰው አልነበረም። ለሞተ ይለቀሳል፣ ላለ ይጸለያል፤ ጣቢታ ሁለቱም ጠፍተውባታል። የጸሎት ቤቷ ሰዎች እንኳ መጥተው ምን ብለው እንደሚጸልዩ ግራ ገብቷቸው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሳይከፍቱ ሄዱ። ጌዲ ከጠፋ ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አመድ ይበተናል ካሉት ከሠላሳው ቀን አራት ቀርቷል።

አጥርዎን ያፍርሱ አላልንም። ከእድራችን አንዲት ሴት በርጩማዋን ይዛ በሩ ላይ ትቀመጥ፣ የሚገባውን ሁሉ ፊቱን ትይ፣ ስሙን ትጻፍ። ስለ ጌዲ ደግሞ ገብቷል ወይም አልገባም የሚል አንድ ቃል ከአራቱ ቀን በፊት ይስጡን። ምስጢሩ ለሟች ክብር ነው ይላል መመሪያዎ፤ ሟች ከእኅቱ የሚደብቀው ምን አለው? የሚደብቅ ካለ በሕይወት ያለ ሰው ነው።

የግንብዎን ከፍታ እያደነቅሁ፣ ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ደጅዎን ስንጠና እንዳይሰለቹን እየለመንኩ፣
አክባሪዎ ጥሩዬ ገመቹ፣ የእድሩ የሴቶች ተወካይ

ግልባጭ፦ ምድጃው ለእነሱም ያገለግላል ተብሏልና፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ እድሮች

ማስታወሻ፦ ሥራ እንዳናበዛብዎ «እኔ ድንገት ብጠፋ አቃጥሉኝ አላልኩም» የሚል ወረቀት አዘጋጅተን የእድሩ አባል ሁሉ ፈርሞበት ከዚህ ጋር አያይዘነዋል። ለጌዲ ጣቢታ ፈርማለታለች። የመጨረሻውን መስመር ለእርስዎ ባዶ ትተነዋል፤ ሹመት ያልፋል፣ መመሪያው ግን ይቀራልና ቢፈርሙ ይሻልዎታል።