መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ኢስማት፤

ከዚህ ከባሕሩ ዳር እስከ ያዝድ ድረስ ያለውን አሸዋ የሚያህል ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገርስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ አባስ አሊ እንዴት ሰነበተ? ልጆቹስ? የግቢው ሮማን ዘንድሮ ፍሬ ያዘ ወይስ እንዳምናው አበባውን አራግፎ ቀረ? እኔ አላህ ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። የጀልባ ሞተር መጠገኑም እንደነገሩ ይሄዳል። ስለ ሌላው ደኅንነቴ ከታች እነግርሻለሁ።

የላክሽው ደብዳቤ በጭነት መኪናው ሹፌር እጅ ደርሶኛል። በመጪው ወር፣ በሞርዳድ አጋማሽ ለሚውለው ለአባባ ሙት ዓመት እንድመጣ ጠርተሽኛል። በመጨረሻው መስመር ላይም «መስኮት የከፈተችዋን ይዘህ እንዳትመጣ» ብለሻል። ያንን መስመር ለባለቤቴ ለሜይሙነ አላነበብኩላትም። እሷ ፊደል ባትቆጥርም የሰው ፊት ታነባለች፤ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ስከት ምንም ሳትጠይቀኝ ተነስታ ሻንጣዬን አወጣችና የእኔን ልብስ ብቻ አጣጥፋ ከተተች። እትዬ፣ ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ የያዝኩትን ነገር ዛሬ ልተፋው ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባባ አምና በቲር ወር ሊጠይቁን ሲመጡ፣ ከሜይቦድ የገዟትን የሸክላ እንስራ መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ አቅፈው ነበር። ገና አረፍ ሳይሉ «ልጄ የሞቀ ውሃ እየጠጣ ነው አሉኝ» አሉ። እንዲህ ያለች እንስራ በእናንተ ግቢ ጥላ ሥር ብትቀመጥ ውሃዋ ጥርስ ያደነዝዛል። እዚህ ግን ከውጭ ረጠበች እንጂ ውሃዋ አልቀዘቀዘም። በሁለተኛው ቀን ቀመስ አድርገው «ሸክላ ሠሪው አታሎኛል» አሉ። ሜይሙነ «አባባ፣ ሸክላው ምን ያድርግ? አየሩ ራሱ ጠጥቶ ጠግቧል፤ ከእንስራዋ ምን ይቀበላል ብለው ነው?» አለቻቸው። አባባ ሳቁባት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቀልዳቸው እንደማያልቅ ታውቂያለሽ። «የኛ አገር ሙቀት ወንድ ነው፤ ፊት ለፊት ይመታሃል፣ ጥላ ከገባህ ግን ይተውሃል። ይሄኛው ግን ተከትሎ አልጋህ ውስጥ ይገባል» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። የያዝድ ሐሩር ከዚህኛው ይበረታል፤ ሰው ግን እዚያ ይተነፍሳል። የዚህ አገር ወበቅ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ አይለቅም። አንድ ቀን ሸሚዛቸውን ጨምቀው አሳዩኝና «ሰባ ዓመት ስኖር ላቤን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ገና ብቅ ሲል ይደርቃል፤ የሚቀረው ጨው ብቻ ነው። ይሄ የት ሊሄድ ነው?» አሉኝ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነብኝ እንጂ፣ ያን ዕለት ነበር ማስተዋል የነበረብኝ።

በሞርዳድ አጋማሽ ነፋሱ ሦስት ቀን ቆመ። ነፋስ ሲቆም የባሕሩ እንፋሎት ከተማው ላይ ይተኛል፤ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። የዚህ አገር ሰዎች እንዲህ ሲሆን ቤታቸውን ወለል አድርገው ይከፍታሉ፣ ወይም በዘንባባ ዝንጣፊ የተሠራ ማማ ላይ ወጥተው እየተራገቡ ይውላሉ። አባባ ደክመው እህል አልቀምስ ብለው ነበር። ሜይሙነ «ወደ አባቴ ማማ እንውሰዳቸው፤ ሸሚዛቸውን አውልቀን እየተቀያየርን እናራግባቸው» አለች። አባባ «ምራቴ ፊት ራቁቴን እንደ ዓሣ ልሰጣ?» ብለው እንቢ አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የኛን አገር መድኃኒት የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ልጆች ሳለን አባባ በር ላይ የሚጠቀጥቁትን የግመል እሾህ መቼም አትረሺውም። እኔ እሾህ ሳቀብላቸው አንቺ በጣሳ ውሃ ታርከፈክፊበት ነበር፤ ነፋሱ በእሾሁ መሐል አልፎ ሲገባ ቤቱ እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። እኔም ከከተማው ጀርባ ወጥቼ እሾህ ቆርጬ መጣሁና ሁለቱንም በር ጠቀጠቅሁት። መስኮቶቹን ዘጋሁ፤ ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ አፈሰስኩበት። የረጠበው እሾህ ሽታ ሲደርሳቸው አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው «አገሬ ገባሁ» አሉ። ያቺን ቃል ከሰማሁ በኋላ ማን ያስቆመኛል?

ሜይሙነ ባልዲውን ያዘችብኝ። «አንተ ሰው፣ እዚህ አገር ውሃ ሙቀትን አይገድልም፣ ያደልበዋል። ክፈተው፣ ይተንፍሱበት» አለችኝ። እኔ ምን ብያት መሰለሽ? «ዓሣ ከመጥበስ ሌላ የማታውቂ፣ የያዝድን ሰው ስለ ሙቀት ልታስተምሪ ነው?» አልኳት፤ ያውም አባባ እየሰሙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ዛሬ ልመልሰው ብል አይመለስም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ አንዱን መስኮት ከፈተችው። ተመልሼ ዘጋሁትና እሷን ከክፍሉ አስወጣኋት።

ከቀትር በኋላ የአባባ አንደበት ተሳሰረ። እናታችንን ጠሩ። አርባ ዓመት ከመሬት ሥር የውሃ መንገድ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው አይደሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ መስሏቸው «ገመዱን ሳቡት፣ አውጡኝ» ይሉ ጀመር። ገላቸው ይፋጅ ነበር። እኔ ውሃ ጨመርኩ። እትዬ፣ አባቴ አውጡኝ እያሉኝ እኔ ውሃ ጨመርኩ። ሜይሙነ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ እሾሁን በባዶ እጇ ነቅላ ጣለችው፣ መስኮቱን ሁሉ በረገደችው፣ አባባን ደግፋ ወደ ደጅ አወጣቻቸው። የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሳይደርስ በእሷ እቅፍ አለፉ። መዳፏ ደም በደም ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ከቀብር በኋላ ነው።

አጎታችን ራጀብ በሦስተኛው ቀን ለለቅሶ ሲደርስ ያየው ወለል ብለው የተከፈቱ መስኮቶችንና ደጅ የተጣለ እሾህ ነው። «በሞርዳድ ቀትር ሽማግሌ የተኛበትን ቤት መስኮት የከፈተው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። በኛ አገር ይህ ሰውን እሳት ውስጥ እንደ መጣል መሆኑን እሷ ከየት ታውቃለች? «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አጎቴም ያየውን ይዞ ሄደ፤ ወሬው እናንተ ዘንድ ደረሰ፤ አንቺም ባለቀስሽ ቁጥር ረገምሻት።

ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ። ክረምቱን ሙሉ «ነገ እጽፋለሁ» እያልኩ አሳለፍኩት። አንድ ጊዜ «ለምን አልተናገርሽም?» ብላት «አባትህን ያጣኸው ይበቃሃል። የኔ ስም ያዝድ ላይ ቢበላሽ፣ የምኖረው እዚህ ነው» አለችኝ። ውሸቷን ነው። ይጎዳታል። ከያዝድ ሰው መጣ ሲባል ጓዳ ገብታ አትወጣም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሙት ዓመቱ ላይ ሰዉ ተሰብስቦ ሳለ ልጅሽ ታይቤ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች፣ ጮክ ብላ ታንብበው። የምትዘጊው በር ካለ በእኔ ላይ ዝጊው። እሷ ካልተጠራች እኔ አልመጣም፤ ከሁለታችን አንዱ ብቻ ይምጣ ካልሽ ደግሞ እሷ ትምጣ። በአባባ ሙት ዓመት ላይ ቀና ብሎ መቆም የሚገባት እሷ ናት፤ መቃብራቸው ደግሞ እዚሁ ነውና ዓመቱን ሙሉ ዕለት ዕለት አፈሩን የጠረገችው እሷ ናት።

ለአባስ አሊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እንደ ወንድም ስላየኝ ይህን ሰምቶ ቢጠላኝ አልፈርድበትም። ታይቤን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስታነብ ድምፅዋ ቢሰበር ውሃ አጠጥተሽ ቀጥዪ በያት። ትንሹን ካዜምን ጉንጩን ሳሚልኝ። አጎታችን ራጀብንም ሰላም በይልኝ፤ ያየውን ነው የተናገረውና አልቀየመውም። መስኮቱን የዘጋው ማን እንደሆነ ግን ንገሪው።

ሜይሙነ እጅ ነስታለች። ምን እንደምጽፍ አታውቅም፤ መምጫዬን የምጽፍልሽ መስሏታል። ከሻንጣው ሥር አባባ ያን ዕለት የለበሱትን ሸሚዝ አገኘሁትና ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሹፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ። ዓመት ሙሉ ሸሽጋ ያስቀመጠችው ነው። ለአንቺ ሊደርስ ነው ብላ አጥባው፣ አራት ቀን እያገላበጠች አሰጣችው፤ አንገትጌው ግን እስካሁን እርጥብ ነው። «ለእትዬ ስጣትና በእነሱ ግቢ አንድ ሰዓት ታስጣው፤ እዚያ ይደርቃል» ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ ኖስራት
ባንዳር ሌንጌ፣ ቲር 22 ቀን 1349 በፀሐይ ሂጅራ