በግድግዳው ላይ ስለተሰቀለችው ለንደን

ለተከበሩ ሐጂ ሙቃራብ ኻን፣ የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ የመሰላሉና የግድግዳ ሰዓቱ ጠባቂ፤
ፔሻዋር

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ በተለይ ጉልበትዎን ይማርልን፤ የገበያችን ዕጣ በጉልበትዎ ላይ የቆመ መሆኑን ዘንድሮ ስለተረዳን ነው።

እንደሚያውቁት በገበያችን ጠዋት የተነገረ ዋጋ «ለንደን እስክትከፍት»፣ ማለትም የለንደን የምንዛሪ ገበያ ሥራ እስኪጀምር፣ የጸና ነው። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፤ ቃል ብቻ። እኛ ሰዓታችንን አናዞርም፤ እንግሊዞቹ ግን ሙቀቱ ሲመጣ ወደፊት፣ ብርዱ ሲመጣ ወደኋላ ያዞራሉ፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ ላለመስማማት ብለው በሌላ እሑድ። ስለዚህ ለንደን ለእኛ በሙቀቱ ወራት ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ በብርዱ ወራት ከዚያ አንድ ሰዓት ዘግይታ ትከፍታለች። ይህን እንዳንስት ነው «ለንደን» የተጻፈበትን ሰዓት ከገበያው ደረጃ በላይ ሰቅለው መሰላሉን ሱቅዎ ውስጥ የቆለፉበት። ውለታዎ ብዙ ነው።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደኋላ ባዞሩ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ክቡርነትዎ በድምፅ ማጉያ ደረጃው ላይ የናስዋር ትንባሆ እንዳንተፋ አሳሰቡን። ምክሩ ወርቅ ነው። ስለ ሰዓቱ ግን ትንፍሽ አላሉም፤ የግድግዳዋ ለንደንም በሙቀቱ ወራት ሰዓቷ ላይ እንደተገተረች ዋለች።

2ኛ/ በዚያው ቀን የከባድ መኪና መለዋወጫ ነጋዴው ላላ ሙናዋር፣ ጠዋት ዋጋ ቆርጬ ቃል የገባሁለትን ዶላር ሊወስድ ከእኩለ ቀን ጥቂት አለፍ ብሎ መጣ። ቀና ብዬ የእርስዎን ሰዓት አየሁና «ላላ፣ ለንደን ከፍታለች፤ የጠዋቱ ዋጋ አልፏል፤ አሁን ጨምሯል» አልኩት። ፊቱን አዙሮ ጎረቤቴ ዚያራት ጉል ዘንድ ገባ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰማሁ። «ኧረ ላላ! ማን ነው ከፍታለች ያለህ? እንግሊዝ ገና ቁርሱን እየበላ ነው! ና በጠዋቱ ዋጋ ውሰድ፤ እኛ ቃላችንን አናጥፍም።»

ዚያራት ጉል የልጅዎ ባል መሆኑ አጋጣሚ ነው። ሁላችንም ወደ እርስዎ ሰዓት ስናንጋጥጥ እሱ ብቻ ስልኩን ማየቱም አጋጣሚ ነው። እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ አለኝ።

3ኛ/ በዚያው ቀን ስለ ሰዓቱ ልጠይቅዎ ብመጣ «ባኽት ረዋን፣ ልጄ፣ ጉልበቴን አሞኝ መሰላል መውጣት አቃተኝ፤ የአላህ ሥራ ነው» አሉኝ። አሜን። በዚያው ምሽት በወንድምዎ ልጅ ሠርግ ላይ ከጎረምሶቹ መሀል ገብተው ሲጨፍሩ ሳይ ግን ስለ ፈጣን ምሕረቱ አላህን አመሰገንኩ። ለነገሩ ሰዓቷ ወደፊት መዞር ባለባት ጊዜ ከሁላችን ቀድመው መሰላሉ ላይ ነበሩ። ወደፊት ለማዞር ያላመመ ጉልበት፣ ወደኋላ ለማዞር ምን ነካው?

4ኛ/ ማክሰኞ ሰዓቱን ተስተካክሎ አገኘነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በገበያው እኔ «ቃለ አባዩ» ተብያለሁ። ሻይ ሻጩ ሳይቀር «ዛሬስ ለንደን በስንት ሰዓት ከፈተችልህ?» እያለ ይስቅብኛል። ሐጂ ሳሂብ፣ ያመኛል። መንዛሪ ከቃሉ ሌላ ምን አለው?

ስለዚህ ሰዓቱ ተሳስቶ እንደነበረ፣ እኔ ግን እንዳልዋሸሁ፣ በዚያው በድምፅ ማጉያዎ አንድ ጊዜ ቢናገሩልኝ ይበቃኛል። የናስዋሩን ያህል ባይጮኹበትም ግድ የለም።

የጉልበትዎን ፍጹም ጤንነትና የአማችዎን ሥራ ከዚህም በላይ መስፋት ተግቶ የሚመኝ፣ አንጋጥጦ ማየት የለመደ ታናሽዎ፣
ባኽት ረዋን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ላላ ሙናዋር ሱቄ መጣ። ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ፤ ሻይ አዘዝኩ። ዋጋ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «በወረቀት ጻፍልኝ፤ ፈርምበትም» አለኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ከአማችዎ ግን ወረቀት አይጠይቅም አሉ።