የምሳና የእራት ወጥ

ከሐይቅ፣ ከታናሽህ ከዑምኩልሱም፤ ሎጊያ ላለኸው ወንድምዓለም ሙዓዝ ይድረስ። አሰላሙ ዐለይኩም። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባ መረብም ባዶውን አይወጣም።

በስልክ ብዙ የማላወራህ እማ አጠገቤ ሆና ስለምትሰማ ነው።

በሒሳብ አማካይና ስርጭት ጀምረናል። መምህር ቢያድግልኝ እንዲህ አለን፤ አንዱ ተማሪ በሁለት ፈተና አምሳ አምሳ ያመጣል፤ ሌላው አንዴ አሥር፣ አንዴ ዘጠና። የሁለቱም አማካይ አምሳ ነው። «አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። ስርጭቱንም ጠይቁ» አለ። ክፍሉ ግር ሲለው እኔ ቶሎ ገባኝ፤ የቤታችንን ወጥ አስቤ ነው።

ሰኞ እማ ለምሳ የሠራችው የአሳ ወጥ ጨው አልነካውም። አባ ሐይቁ ላይ ስለነበር አልቀመሰውም። የእራቱን ስትሠራ ደግሞ ጨው ጨመረች፤ ዞር ብላ መጥታ እንደገና ጨመረች። ሦስተኛ ልትጨምር ስትል «ጨምረሻል እኮ» ብላት «መቼ?» ብላ ተቆጣችኝ። የምሳውን ትራፊ ከእራቱ ጋር ቀላቅዬ ለአባ አቀረብኩለት። «የእናትሽ እጅ መቼም አይስትም» እያለ በላ። ስለ ስርጭቱ አልነገርኩትም።

ለአረፋ እመጣለሁ ብለሃል። ቀደም ብትል ጥሩ ነው።

እማ ሰላም ብላሃለች። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «ለሙዓዝ ሰላም በይልኝ» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ እንደ አዲስ አለችኝ፤ አሁንም አለችኝ። ሦስቱንም ተቀበላት።