ቂም የሌለበት ዝምታ

እሑድ

ወንድሜ ዮሲ ዛሬም ስልኬን አላነሣም። ከልጁ ብሪት፣ ከግርዛቱ በዓል ወዲህ አባባ ቤት ዝር አላለም። መሀል ሆኜ ሁለቱም ላይ እናደዳለሁ።

የሆነውን ልጻፈው፣ ምናልባት ለራሴም ይገባኝ እንደሆነ። ሕፃኑ ሲገረዝ ጉልበታቸው ላይ ይዘው እንዲቀመጡ ክብሩ ለአባባ ተሰጠ። የልጅ ልጃቸው ነው፣ የወንድሜ የበኩር ልጅ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አባባ "ለሌላ ስጡት" ብለው ወንበሩን አልፈው ሄዱ። ፈገግታ የለ፣ ምርቃት የለ። ሕፃኑን የሊአት አባት ያዙት። ሊአት የዮሲ ሚስት ናት፤ ወላጆቿ ወደ እስራኤል የመጡት ከሞሮኮ ነው። ለዮሲ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከኛ ስላልሆነች ልጄን ናቀው።"

እውነቱን ልናገርና እኔም ጠርጥሬአለሁ። በሰርጋቸው ግን ከሁሉ በላይ እስክስታ የወረዱት እኚሁ አባባ ነበሩ!

ሰኞ

አባባ የተዉአቸው ነገሮች፦
የአማርኛው ሬዲዮ።
ከጎረቤት ጋር ገበጣ።
ከሕንፃው ጀርባ የተከሉት ቃሪያ። ደርቋል።
እኔን ማብሸቅ። ድሮ "ወጥሽ ጨው አንሶታል፣ ማን አገባሽ?" ይሉኝ ነበር። አሁን ያቀረብሁትን በልተው "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ። ተረባቸው ናፈቀኝ።

ቀኝ እጃቸውም ትንቀጠቀጣለች። ለእሷ ረቡዕ ሐኪም ቀጠሮ አለን።

በኛ አገር ሰው እንዲህ ዝም ካለ ተቀይሟል ማለት ነው። ከኢትዮጵያ መጥተን ክርያት ሞሼ ሰፈር ከገባን ስንት ዓመታችን፣ አሁንም መፍትሔያችን ሽማግሌ ነው። የአባባን ያክስት ልጅ ጋሼ በላይን ጠራሁ። "ቂም ነው" አሉኝ። "ቂም ካልወጣ ይገድላል። ነገ እንመጣለን።" ቤሰደር፣ እሺ አልሁ። ዮሲንም እንዲመጣ በሊአት በኩል ለመንሁት።

ማክሰኞ

ምነው ባልጠራኋቸው!

ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀመጡ። ዮሲ በሩ አጠገብ፣ የመኪና ቁልፉን እንደጨበጠ። ጋሼ በላይ ጀመሩ፦ "አያ ተገኘ፣ በሆድህ የያዝኸውን አውጣው። ማን በደለህ?"

"ማንም" አሉ አባባ።

"ምራትህ?"

"ደግ ልጅ ናት።"

"ታዲያ ሕፃኑን ለምን ገፋኸው?"

አባባ ቀስ ብለው ተነሡና "እንግዲያው በዳዩ እኔ ነኝ። ድንጋይ አምጡልኝ" አሉ።

ድንጋይ! ይቅርታ የሚጠይቅ በዳይ በአንገቱ የሚሸከመውን። አባት ለልጁ! ጋሼ በላይ ዘለው እጃቸውን ያዟቸው። ሁሉም "ኧረ በሕግ!" አለ። ዮሲ ግን የተቀለደበት መሰለው። "ያላ፣ ጨርሰናል" ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ እርምጃው እስከ ታች ተሰማ።

አባባ እንደቆሙ ቀሩ። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብሁም። ይኸው ነው ያስፈራኝ።

ረቡዕ

ከሐኪም ተመልሰን ነው የምጽፈው።

ሐኪሟ በሩሲያ ቅላጼ ዕብራይስጥ የምትናገር ቀጭን ሴት ናት። አባባን አስኬደቻቸው፣ ጣታቸውን አስቆጠረቻቸው። ከዚያ "ምን ደስ ይላቸዋል?" አለች። እኔ ቀደም ብዬ ገበጣ፣ ቃሪያ ማለት ስጀምር "ሎ፣ ሎ፣ አንቺ አይደለሽም። እሳቸውን ጠይቂያቸው" አለችኝ።

ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ሁሉም አለ። ወጡ ጨው አለው። ሕፃኑም ያማረ ነው። ደስታው ግን አይመጣም። እጠብቀዋለሁ፣ አይመጣም። የልጅ ልጄን ሲሰጡኝ ባዶ ሆንሁ። የልጅ ልጁን አይቶ ደስ አላለኝም የሚል ሽማግሌ ምን ይባላል? ከባዶ ሆድ የወጣ ምርቃት ሕፃኑን ይጎዳዋል ብዬ ፈራሁ።"

ይህን ወደ ዕብራይስጥ መመለስ አቃተኝ። እንደምንም ተረጎምሁላት።

ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል በሽታ ይመስላል አለች። ደስታ ማጣቱም የበሽታው ነው፤ አንዳንዱን እጁ ሳይንቀጠቀጥ በፊት ይጀምረዋል። እሱ ብቻ አይደለም፦ ከባድ ድብርት የያዘው፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማው፣ ደም አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰበት ሰውም ይህንኑ ያጣል። በሽታው ይለያያል፣ የሚጠፋው አንድ ነው። መድኃኒት እንሞክራለን፤ አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ጥቂት ብቻ።

ስንመለስ አንድ ብርቱካን ልጬ በላሁ። ጣፈጠኝ። መንገድ ላይ ቆሜ ገረመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደስታ ከብርቱካኑ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሳልለምነው ይሠራልኛል! ለውሃው፣ ለጥላው፣ ለልጅ ሳቅ፣ በየቀኑ። አንድም ቀን ተመስገን ብዬለት አላውቅም።

አባባ ደግሞ ያለ እሱ ይኖራሉ። ያለ እሱ ልቅሶ ይደርሳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ግንባሬን ይስማሉ። እኔ ብሆን ከአልጋዬም አልነሣም ነበር።

ሐሙስ

ዮሲን ባቡር ጣቢያ ጠበቅሁት፣ ከቴል አቪቭ ከሥራ ሲመለስ።

"ማ፣ ምን? ንቀት በሽታ ሆነ?" አለኝ።

አባባ ስለ ምርቃቱ ያሉትን ቃል በቃል ነገርሁት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። "ለምን ለእኔ አልነገረኝም?" አለ። አፍረው ነው አልሁት። ተነሥቶ ሄደ። አመነኝም አላመነኝም አላውቅም።

ዓርብ

መጡ! ሰንበት ሳይገባ፣ ሦስቱም።

ዮሲ ገና ከበሩ "አባባ፣ ለእኔ ይንገሩኝ" አለ። አባባም ነገሩት፤ ያንኑ፣ ሳያሳንሱ። ጨርሰውም "ደስታው ነው የጠፋብኝ፣ አንተ አይደለህም" አሉት። ወንድሜ ጉልበታቸውን ስሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሊአት ሳትጠይቅ ልጁን እጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። የምትንቀጠቀጠውን እጃቸውን ዮሲ ከሥር ደገፈ።

ፊታቸውን አየሁ። ፈገግታ አልነበረም። ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ምርቃቱን ግን መረቁት፤ ረጅሙን፣ እስከ መጨረሻው።

ሕፃኑ እዚያው ተኛ። ዮሲ ሊያነሣው ሲል "ተወው፣ ይነቃል" አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ።

"እግርዎ አልደነዘዘም?" አልኋቸው።

"ደንዝዟል" አሉኝ። አላንቀሳቀሱትም።