የሲኞራ ሮዛ ተለማማጅ

ሐምሌ 14፣ ረቡዕ ጠዋት

የፓስታው ሊጥ ደረቀብኝ። የኛ ስንዴ ውሃ ይጠጣል፤ የኢጣሊያው እንዲህ አይደለም። ጨመርኩ። እንደገና አሸሁ። ጾም ስለሆነ እንቁላል የለበትም፣ ዱቄትና ውሃ ብቻ። እማ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች። ትኩሳቱ ለቋታል፣ ጉልበቷ ግን ገና ነው። አድቦልቡሎ፣ ዳምጦ፣ በቢላ መሸንሸን ምን የሚሉት ሥራ ነው ትላለች። ያስተማሩኝ ይህንን ነው አልኳት። ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርሽው ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ዛሬ ገና መስማቴ ነው፤ ስለዚህ አልተቆጣሁም።

አንቺ ማስታወሻ፣ የማቦካው እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው። መስከረም ላይ ኢጣሊያ ተመልሼ ሁለተኛውን ልምምድ ካልጀመርኩ የሆቴል ት/ቤቱ ስሜን ይሰርዛል። የመጀመሪያውን የሠራሁት በሲኞራ ሮዛ ምግብ ቤት ነው። የቤተሰብ ቤት ነው፤ እሷ ታበስላለች፣ ባሏ ወይን ይቀዳል፣ ወንድ ልጇ ያስተናግዳል፣ ካርላ የምትባለው ሴት ልጇ የጎደለውን ሁሉ ትሞላለች። ሁለተኛውም ልምምድ እዚያው ነው። ለመሄድ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። ለቪዛው የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ። እማ ታማ ተጠርቼ ስመጣ ይህን ያሰበ አልነበረም። ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 15

ሄድኩ። ካድሬው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ተሾመ። እዚሁ ላሊበላ አንድ ክፍል የተማርነው ተሾመ። አሁን ጓድ ተሾመ ነው፤ ከደሴ ተመድቦ መጥቷል። እሱ ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ አወራን።

ወጥ ቤት መሥራት ትምህርት ነው ወይ ብሎ ጀመረ። ነው አልኩ። አብዮቱ ሴት ልጆቹን የፋሺስት ልጆች ሳህን እንዲያጥቡ አይልክም አለ። የላከኝ መንግሥት ነው፣ ማኅተሙም አለ አልኩት። የድሮው መንግሥት ነው አለኝ። ቱሪስቱ ተመልሶ ሲመጣ ሆቴሎቻችን ውስጥ ማን ሊሠራ ነው? ይህንንም አልኩት። ወረቀቶቼን አገላበጠ።

በመጨረሻ ደብዳቤው ሊጻፍልሽ ይችላል አለ። አንድ ነገር ብቻ፦ እሑድ ስብሰባ ላይ ስለ ልምምዴ ለሕዝቡ እንድናገር። በደስታ አልኩ። የምትናገሪውን እኛ ጽፈን እንልክልሻለን አለ።

እንዴት ነው እኔ የኖርኩትን እሱ የሚጽፈው?

ሐምሌ 16፣ ከሰዓት

ወረቀቱ መጣ። አንድ ገጽ። ደበደቡኝ ይላል። ባሪያ እያሉ ጠሩኝ ይላል። ወለል ላይ አስተኙኝ ይላል። ውሸት። ውሸት። ውሸት። የተኛሁት ካርላ ክፍል ውስጥ፣ ከሷ አልጋ ጎን ነው።

መጨረሻው ላይ ግን ወገኖቼ በረሃብ ሲያልቁ እዚያ ቤት ምግብ ይደፋ ነበር ይላል። እዚህ ጋ ቆምኩ። ይሄ እውነት ነው። ለተሾመ አልነገርኩትም፤ ገምቶ ነው።

ደፊዋ እኔ ነበርኩ። ሳህኑ በግማሽ ይመለሳል፣ ወደ ባልዲው ይገለበጣል፣ ባልዲው ወደ አሳማ ይሄዳል። የአክስቴን ልጆች እዚህ በቀበርን በዓመቱ። ሲኞራን ሳህኑን አታብዢው አልኳት። እንግዳው ከፍሎበታል አለች። እሺ። ጭልፋው በእጄ ስለነበር እኔው ማሳነስ ጀመርኩ። ያልጠገበ ይጠይቅ። አንድ ደንበኛ ከሰሰኝ። ሲኞራ በሰው ፊት ጮኸችብኝ፣ ጭልፋውን ቀምታ ወደ ኋላ ሊጥ ክፍል አባረረችኝ። ቅጣት መሆኑ ነው። ሊጥ የተማርኩት እዚያ ነው።

ክፉ ሴት አይደለችም። ደግም አይደለችም። ጯሂ ናት። አስናቀች ማለት አቅቷት እስካሁን አስና ትለኛለች። ግን እጇን አላነሳችብኝም።

አላነብም።

ሐምሌ 17

ቤቱ ተከፈለ። አባባ ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ሁለቴ አነበቡት። መሪጌታ ናቸው፤ አንድ ቃል ያለ ቦታው ከገባ ያማቸዋል። ታነቢዋለሽ ወይ አሉኝ። አላነበውም አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ከመጀመሪያውም መሄዴን አልወደዱትም፤ የካህን ልጅ ለባዕድ ወጥ ሠሪ ልትሆን፣ በጾም ቅቤ ልትቀምስ። በጾም ቀን የሚቀምስልኝ የሲኞራ ልጅ እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

እማ ግን አንብቢው አለች። “ሲኞራሽ አማርኛ አትሰማ። ማን ይነግርብሻል? አንብቢና ሂጂ፣ ልጄ።”

ውጭ ወጥቼ ግንቡ ሥር ቆምኩ፤ ጮክ ብዬ ማንበብ ሞከርኩ። ደበደቡኝ የሚለውን እንደምንም አነበብኩት። ባሪያ እያሉ ላይ ስደርስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እማ እውነቷን ይሆናል፤ ሲኞራ አትሰማም። እኔስ? እኔ እሰማዋለሁ። መስከረም ላይ ካርላ አጠገብ ተኝቼ ምን ላስብ ነው?

ሐምሌ 18፣ እሑድ

ከስብሰባው አሁን ገና መመለሴ ነው።

ት/ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፤ ተሾመ እየጮኸ አስተዋወቀኝ፤ የኢምፔሪያሊዝምን ጭቆና በዓይኗ ያየች እህታችን አለኝ። ተነሳሁ። ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ አስቀመጥኩት። ከዚያ ተናገርኩ። ማን እንደሚያበስል፣ ማን እንደሚያስተናግድ። ማንም እንዳልመታኝ። ማንም ባሪያ እንዳላለኝ። ከዚያ የባልዲውን ነገር።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ተነሱ፣ ከገነተ ማርያም በኩል የመጡ፤ በረሃቡ ጊዜ ቤታቸው ባዶ የቀረ።

“እታለም፣ ስትደፊው አላለቀስሽም?”

“አልቅሻለሁ፣ እማማ። መጀመሪያ። ኋላ ግን ተጣላሁ።”

“ከማን?”

“ከሴትየዋ። ሳህኑን አሳነስኩባት።”

“ምን አረገችሽ?”

“አባራ ሊጥ አሳሸችኝ።”

ሳቅ ሆነ። ሴቶቹ ጀመሩት፣ ወንዶቹ ተከተሉ። እማማም ሳቁ፤ ወዲያው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ተሾመ ጠረጴዛውን መታ።

“የተጻፈልሽን አንብቢ።”

“ጓድ ተሾመ፣ የተጻፈው ያልደረሰብኝ ነው። የደረሰብኝን ተናገርኩ።”

ስብሰባው ተዘጋ። መፈክሩ እንኳ በቅጡ አልተባለም።

ሰዉ ሲወጣ ጠራኝ። ሁለታችን ብቻ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አስኔ፣ ምን ነበረበት? እኔስ እዚህ የደረስኩት የተጻፈልኝን አንብቤ አይደለም?” አለኝ። ፊቱን አየሁት። አብሮኝ የተማረው ልጅ ነበር፣ ለአንድ አፍታ። ላዝንለት ነበር። ከዚያ ኮፍያውን አጠለቀና ደብዳቤ የለም አለ። በዚህ ቀበሌ ማኅተም አትሄጂም፤ ከፈለግሽ እዚሁ ላሊበላ ያለው ሆቴል ወጥ ቤት ሰው ይፈልጋል፣ ነገውኑ ግቢ።

ሆቴሉ አንድ እንግዳ የለውም። ለማን ላበስል? ለሱ?

ሐምሌ 19

የገብርኤል ዕለት። እማ ታስቀድሳለች፤ በምርኩዝ ሄደች። ቤት ብቻዬን ነኝ። አስባለሁ። ሆቴሉ ብገባ እማን አስታምማለሁ፣ ማንም አይነካኝም፣ በየዓመቱ ቪዛ እጠይቃለሁ፣ በየዓመቱ ይከለክለኛል። ራሴን አርጅቼ አየሁት። አይሆንም።

ከሰዓት፦ ጎረቤቶች ይመጣሉ። አንዱ አበጀሽ ይላል፣ አንዱ አጠፋሽ። እኚያ እናት ከገነተ ማርያም ሽምብራ ልከውልኛል። ለምን እንደሆነ የላኩት ሰው አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። ግማሹን ቀቀልኩ፣ ትናንት ከሸነሸንኩት ሊጥ ጋር። እማ በላች፣ ጨርሳ በላች። ጨው ያንሰዋል አለች። ሲኞራም እንዲሁ ትል ነበር።

አባባ አልቀመሱም። እንደመጡ ወጡ። የት እንደሆነ አልነገሩንም።

ሐምሌ 20፣ ጠዋት

አባባ በቅሎ ተውሰው መጡ። ደጃፉ ላይ አስረዋት ገቡና ደሴ እንሄዳለን አሉ፤ ከተሾመ በላይ ያለውን ሰው እናናግራለን። እኔ ብቻዬን ልሄድ ሳሰላስል ነው ያደርኩት። አፌን ከፈትኩ። ምንም ሳልል እጃቸውን አነሱ።

“መሄድሽን ያኔም አልወደድኩት፣ አሁንም አልወደድኩት። እሱ ሌላ ነው። ልጄ ግን የተናገረችው እውነት ነው፤ ይህን እኔ እዚያው እመሰክራለሁ።”

በዚህ ጭቃ አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ አልኳቸው። በቅሎዋ ለኔ ሳትሆን ለአንቺ ናት አሉ። በእግራቸው ሊሄዱ! ተከራከርን። በየተራ እንቀመጥባት ተባባልን። እማ ከአልጋዋ ተነስታ ስንቅ ትቋጥራለች፤ አንብቢው ማለቷን የረሳች ትመስላለች፣ ወይ እንድረሳው ፈልጋለች።

ተሾመ ሳይሰማ አይቀርም። ይስማ። ደሴ እምቢ ካሉ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። አዲስ አበባም እምቢ ካሉ፣ ለምን እንደሆነ አፋቸውን ከፍተው ይንገሩኝ፤ እኔም መልስ አለኝ። ያንን ወረቀት ግን ማንም፣ የትም አያስነብበኝም። ደብዳቤውን ሳልይዝ ላሊበላ አልመለስም።